ለጋሽ ጌታቸው መኩሪያ የሙት ዓመት ኮንሰርት፦ ሳክስፎኑ ከፊት ይቁም

የማታ ክፍል መምህር

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወዳጆች።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ካረፉ መጋቢት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. አሥር ዓመት ይሞላቸዋል። እኔና ጥቂት የሙያ ጓደኞቼ በዚያው ሰሞን የመታሰቢያ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ተነሥተናል፤ አዳራሹ ተገኝቷል፣ የባንዱ አባላትም ከሞላ ጎደል ተሟልተዋል። ይህን ክር የከፈትኩት ያስጨነቀኝ አንድ ጉዳይ ስላለ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው መርሐ ግብር ተረቅቆ እጄ ገባ። አሥራ ሁለት ድምፃውያን ተራ በተራ እየወጡ ሁለት ሁለት ዘፈን ይዘፍናሉ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ድምፃዊ መካከል፣ ሰው ለስላሳ ሊገዛ በሚወጣበት የዕረፍት ጊዜ ላይ፣ «ሳክስፎን፣ 6 ደቂቃ» የሚል አንድ መስመር አለ። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከስድሳ ዓመት በላይ ሳክስፎን የነፉ ሰው ሲዘከሩ ሳክስፎኑ የዕረፍት ሰዓት መሙያ ሲሆን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አዘጋጆቹ በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ በአገራችን ኮንሰርት ማለት ዘፋኝ ማለት ሆኖ ስለቆየ፣ ዘፋኝ ካልበዛ ትኬት አይሸጥም ብለው ሰግተው ነው።

ታሪካቸውን ለማታውቁ ወጣቶች ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ዞሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሙያውን ጀመሩ፣ በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደምንለው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ገቡ፣ በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። ስማቸውን ከሌላው ሁሉ የለየው ግን ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። በሜዳ በወንድ ጉሮሮ የሚወጣውን ያንን የጦር ዜማ ወደ ናስ ጉሮሮ አሸጋገሩት፣ መድረክ ላይም ለምድ ለብሰውና የአንበሳ አንፋሮ አድርገው ይቆሙ ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የእኚህን ሰው ሕይወትና ሥራ የሚዘክር ምሽት እንዴት ቢሰናዳ ነው ሳክስፎኑ ከፊት የሚቆመው? ደግሞስ ሳክስፎን ብቻ ለሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ታዳሚ ይገኛል ትላላችሁ?

ሸክላ ሰብሳቢ

መምህር፣ ታዳሚው ይገኛል። እኔ ሱቄ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ።

አሮጌ ሸክላ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ፣ አጫዋችም እጠግናለሁ። የጋሽ ጌታቸውን ሸክላ ካስቀመጥኩ፣ የአርባ ዓመት ጎልማሳም ይሁን የሃያ ዓመት ልጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ውስጥ ንግግሩን ያቋርጣል። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሰማው የዘይት መጥበሻ የመሰለ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ባንዱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ እዚያው ላይ ይመላለሳል፣ ሳክስፎኑም በዚያ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። ብዙዎቹ «ማነው የሚዘፍነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ሰው እየዘፈነ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን ቴፕ ለማሠራት መጥተው ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይሄ እኮ ዘራፍ እያለ ነው» አሉኝ። ሙዚቃ የተማሩ ሴት አይደሉም፤ ቃሉን ግን ከናሱ ውስጥ ሰምተውታል።

ስለዚህ ምሽቱን በሽለላ ጀምሩት ባይ ነኝ። ንግግርም፣ የክብር እንግዳ ማስተዋወቅም ይቆይና መብራቱ ጠፍቶ ሳክስፎኑ ብቻውን ይነሣ። በፊሊፕስ የወጣው ትልቁ ሸክላቸው፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ሆኖ በሲዲ የታተመው ማለት ነው፣ ለዝግጅቱ በቂ መመሪያ ይሆናችኋል። ሽለላ አለ፣ አምባሰል አለ፣ አንቺ ሆዬ አለ፣ አካሌ ውቤ አለ። በነገራችን ላይ ፓሪስ ውስጥ አካሌ ውቤ ብሎ ራሱን የሰየመ የፈረንሳውያን ባንድ ተቋቁሟል። እነርሱ በስሙ ባንድ ሲያቋቁሙ እኛ ስድስት ደቂቃ መመደባችን ያሳዝናል።

የይፋት ልጅ

ሁላችሁም ቀኑን የተመለከታችሁት አልመሰለኝም። መጋቢት 26 ዘንድሮ የሚውለው ቅዳሜ ነው፤ ማግሥቱ ሆሳዕና ነው። ከሁዳዴ ጾም መጨረሻ ላይ፣ ሰው ለሰሙነ ሕማማት በሚዘጋጅበት ሰሞን ሽለላ ልታሰሙ ነው ማለት ነው። በእኛ አገር ሰው በዚያ ሳምንት እንኳን ሽለላ የሠርግ ዘፈንም አያወጣም። አዳራሹ ባዶ ቢቀር በታዳሚው አትፍረዱ። በዕለቱ ቤተሰብና ወዳጅ በሚያደርገው መታሰቢያ ላይ ተገኙ፣ ኮንሰርቱን ግን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።

ቀን ምረጥ ብትሉኝ ሚያዝያ 27ን እመርጣለሁ። የአርበኞች ቀን ነው፣ ዘንድሮ ማክሰኞ ይውላል፣ መሥሪያ ቤትም ዝግ ነው። ጋሽ ጌታቸው የተወለዱት ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ከጥቂት ወራት በፊት ነው፤ ድሉ ሲበሠር ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያደገ ልጅ ሽለላን የሚያውቀው ከመድረክ አይደለም፤ ከዱር ከተመለሱት ሰዎች አፍ ነው የሚሰማው።

ሌላው ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር አለ፤ ከተማ ውስጥ ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ እንደ አንድ ነገር ሲጠሩ እሰማለሁ። የሚለያዩበትን ካላወቃችሁ የጋሽ ጌታቸውን አጨዋወት ልትረዱት አትችሉም። ቀረርቶ ዜማው የሚሳብ ነው፤ ምት አያስቸኩለውም፣ ተራራ ለተራራ የሚጠራራ ሰው ድምፅ ነው፣ ውስጡ ኀዘን አለበት። ሽለላ ምት አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ክንድና ትከሻ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ፉከራ ደግሞ ዜማውን ጥሎ ወደ ንግግር ይጠጋል፤ ሰውየው ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የአባቱን ስምና የፈጸመውን ጀብዱ ይቆጥራል፣ ሲጨርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የጋሽ ጌታቸውን ሳክስፎን አዳምጡ፤ ሦስቱንም ታገኛላችሁ። ረጅሙን ሲስቡት ቀረርቶ ነው፤ አጫጭሩን እየደጋገሙ ሲመቱት ሽለላ ነው፤ ከላይ ወጥተው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ሲጮኹበት ፉከራ ነው።

ስለዚህ ሳክስፎኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሽማግሌ በድምፃቸው ይሸልሉ። ታዳሚው በመጀመሪያ ከሰው አፍ ይስማው፣ ቀጥሎ ከናሱ ይስማው። ያኔ ጋሽ ጌታቸው ያደረጉት ነገር ለማንም ግልጽ ይሆናል።

የማታ ክፍል መምህር

የይፋት ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አራት ሰዎች ተሰብስበን ስንመክር አንዳችንም የጾሙን ነገር ሳናስብ መቅረታችን አሳፍሮኛል። ዛሬውኑ አዳራሹን ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ሚያዝያ 27 ከሰዓት በኋላ ነጻ ነው። ሽማግሌ የማግኘቱ ነገር ግን በአንተ ላይ ይሁን።

የፖሊስ ሠፈር ልጅ ነበርኩ

ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ከወጣቶች ክርክር ውስጥ መግባት አላበዛም፣ ይህን ክር ግን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጆቼ፣ ሳክስፎኑ ከፊት ይቁም ማለታችሁ ትክክል ነው። ነገር ግን ዘፋኞቹን እንደ ባላጋራ አትዩአቸው። አባቴ ፖሊስ ስለነበሩ ኦርኬስትራው ሲጫወት ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ጌታቸውን (እንዲህ ብዬ ብጠራው አትቀየሙኝ፣ እኛ እንዲያ ነበር የምንጠራው) የማስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ ከነፊዎቹ ረድፍ ውስጥ ሆኖ ነው። ከፊት ሒሩት በቀለ ትቆማለች፣ ወይም ዓለማየሁ እሸቴ እየተወዛወዘ ይገባል፤ ጌታቸው ከኋላ ያጅባል። አጀበ ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዘፋኟ አንዱን ስንኝ ስትጨርስና ትንፋሽ ስትወስድ በዚያች ቅጽበት ሳክስፎኑ ገብቶ ያለችውን ነገር ይመልስላታል። አይረዝምም፣ አያጥርም። ስንኙ የኀዘን ከሆነ ያለቅስላታል፤ የኩራት ከሆነ ይፎክርላታል። እሷ ስትመለስ እሱ ቦታውን ለቆ ይጠብቃታል። አንዳንዴ ዘፋኙ ፊቱን መልሶ ወደ ኋላ ያየው ነበር፤ ያን ጊዜ ረድፉ ሁሉ ፈገግ ይል ነበር።

ሰውየው ብቻውን የነገሠ ንጉሥ ነበር ብላችሁ ብታቀርቡት ግማሽ ሕይወቱን ትደብቃላችሁ። በማዘጋጃ ቤትና በቴአትሩ ኦርኬስትራ ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ጥብቅ መምህራን የሠሩበት ዘመን ነው፤ ኖታ ይነበባል፣ ሰዓት ይከበራል፣ ልብስ ይተኮሳል። ከዚያ ሥርዓት የወጣ ሰው ስለሆነ ነው ሽለላው ሲለቀቅ ያን ያህል ነጻ የሆነው።

እኔን ከሰማችሁኝ፣ አሥራ ሁለቱን ዘፋኝ ወደ አራት አውርዱና ዘፈኖቹን በሳክስፎን መልስ ያላቸው አድርጋችሁ ምረጡ። ዘፋኙ ዘፍኖ ዝም ሲል የሚገባው ድምፅ ጎልቶ ይሰማ። ወጣቱ ነፊ መጀመሪያ ከረድፉ ውስጥ ተቀምጦ ያጅብ፤ በሁለተኛው ክፍል ብቻ ተነሥቶ ወደ ፊት ይምጣ። ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ

አባቴ፣ ይህን በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። በሽለላ ጀምሩ ያልኩትን ሐሳብ ትቻለሁ፤ እርስዎ ያሉት ይሻላል። ሽለላው ለሁለተኛው ክፍል ይቆይ።

ባለ ሚክሰሩ

እኔ የምመጣው ከድምፅ በኩል ነው። ሐሳቡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ሳክስፎኑ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ሲያልፍ ከተበላሸ ሁሉም ከንቱ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ መታሰቢያ ላይ ታዳሚ ሆኜ ነበር፤ ነፊው ከደወሉ፣ ማለትም ከሳክስፎኑ ሰፊ ጫፍ፣ አፍ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን አድርጎ ነበርና የሚሰማው ቀጭን፣ ከቆርቆሮ የወጣ የመሰለ ድምፅ ነበር። በዚያ ላይ ማስተጋቢያው እጅግ በመብዛቱ አንዱ ኖታ ከሌላው ጋር ተቦክቶ ሽለላው ጭጋግ ሆነ።

የሳክስፎን ድምፅ ከደወሉ አፍ ብቻ አይወጣም። ዝቅተኞቹ ኖታዎች በአፉ ይወጣሉ፤ ከፍ ያሉት ግን አብዛኛው ድምፃቸው ከተከፈቱት ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማይክሮፎኑ በማቆሚያ ላይ ሆኖ ከመሣሪያው ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በደወሉና በግራ እጅ ጣቶች መካከል ወዳለው ቦታ ይዙር። ያን ጊዜ ትንፋሹም ይሰማል፣ የቁልፎቹም ኳኳታ ይሰማል። የጋሽ ጌታቸው አጨዋወት ግማሹ ትንፋሽ ነው፤ ያ ሰፊ የድምፅ ንቅጥቃጥ ትንፋሹ ከጠፋ መኪና ጥሩምባ ይመስላል። ማስተጋቢያ አታብዙ። ፕሌይባክ የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳይገባ።

ሁለተኛው ጉዳዬ ቅኝት ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹን በሽለላውና በአንቺ ሆዬ ጊዜ እጁን እንዲያነሣ ብትለምኑት ደስ ይለኛል። አንቺ ሆዬን በኖታ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ እንላለን፤ ይህ ግን ለኪቦርድ እንዲመች የተቀመጠ ግምት ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ሁለተኛዋንና አራተኛዋን ድምፅ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳታል፤ ሳክስፎን ነፊ ደግሞ በከንፈሩ ያደርገዋል። ጋሽ ጌታቸው ከማሲንቆ ተነሥተው ወደ ሳክስፎን የመጡ ሰው ስለሆኑ ድምፆቻቸው በፒያኖ ቁልፎች መካከል ያርፋሉ። ኪቦርዱ ቀጥ ያለውን ድምፅ ከሥር ይዞ ከቆመ፣ ትክክለኛው የሳክስፎን ድምፅ ስሕተት ሆኖ ይሰማል። ከሳክስፎኑ ሥር ማሲንቆ፣ ቤዝና ከበሮ ይበቃል።

በአምስተርዳም የምኖር

ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመን ይደርሳል፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ግን የሉበትም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ለብዙ ዓመታት እንደታፈነ ታውቃላችሁ። ስንቱ ባለሙያ ተሰደደ፣ ስንቱ መሣሪያውን ሰቀለ። ጋሽ ጌታቸው ግን ብዙ ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ሁለተኛ ሕይወት ጀመሩ። ዘ ኤክስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ የፐንክ ባንድ አለ፤ ጊታሩ የሚጮኽ፣ ከበሮው የሚደበድብ ባንድ ነው። ጋሽ ጌታቸው ከእነርሱ ጋር ሞዓ አንበሳን እ.ኤ.አ. በ2006፣ ያንበሳው ትዝታን በ2012 አሳተሙ፣ በአውሮፓም ብዙ መድረክ ላይ ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ደግሞ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር ከማሕሙድ አሕመድና ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት ቀርበዋል። ከቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ጋርም ሠርተዋል።

እዚህ ከተማ አንድ ምሽት አይቻቸዋለሁ። ገና ብቅ ሲሉ ለምዱን ለብሰው፣ አንፋሮውን አድርገው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ ነበር፤ ከኋላቸው ያሉት ጊታር ተጫዋቾች በዕድሜ ልጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያዋን ድምፅ ሲነፉ ከጎኔ የቆመው ሆላንዳዊ ወጣት ቢራውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። ጊታሮቹ ያንን ሁሉ ጩኸት እያወረዱ እንኳን ሳክስፎኑን አልሸፈኑትም፤ ሽለላ ለጦር ሜዳ የተፈጠረ ድምፅ ነውና ጫጫታ አያስደነግጠውም። የውጭ አገር ተቺዎች አጨዋወታቸውን ከአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ከአልበርት አይለር ጋር ያወዳድሩታል። እኔ ግን በዚያ ምሽት የሰማሁት አያቴ የሰርክ ጠላቸውን ይዘው ስለ ጦርነት ሲያወሩ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥበትን መንገድ ነበር። ከአገሬ ከወጣሁ በኋላ እንደዚያ ያለቀስኩበት ቀን የለም።

ለማለት የፈለግሁት ይህ ነው፤ ኮንሰርቱ የድሮውን ኦርኬስትራ ብቻ የሚመስል አይሁን። አንድ ዜማ እንኳን ቢሆን ከዛሬ ወጣት ጊታር ተጫዋቾች ጋር፣ በኃይል ይቅረብ። ሰውየው በሰባ ዓመታቸው አዲስ ነገር ሞክረዋል።

የቅጂ መብት ጉዳይ

አንድ አጭር ማሳሰቢያ። ትኬት የሚሸጥበት ዝግጅት ከሆነ ከሁሉ በፊት ቤተሰባቸውን ጎብኙ፤ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በፖስተር ላይ የምታወጡት ከፈቃድ በኋላ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ አዋጁ በኋላ በቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሕዝብ ቅኝቶች ስለሆኑ ባለቤት የላቸውም፤ አራቱ ዘፋኞች የሚዘፍኗቸው ዘፈኖች ግን ግጥምና ዜማ ደራሲ አላቸው። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። የምታከብሩትን ሰው ባልደረቦች መብት ረስታችሁ እሱን አከበርን ማለት አይቻልም።

የማታ ክፍል መምህር

ሁሉንም ለአዘጋጆቹ አንብቤላቸዋለሁ። ዘፋኞቹ አራት እንዲሆኑ፣ የመጀመሪያው ክፍል የአጃቢነት ዘመናቸውን፣ ሁለተኛው ሽለላቸውን እንዲያሳይ ተስማምተናል። የትኬቱን ነገር የፈራው ጓደኛችንም የሰባ ሁለት ዓመቱን አባት ጽሑፍ ከሰማ በኋላ ሐሳቡን ለውጧል። ወደ ቤተሰባቸውም በመጪው እሑድ እንሄዳለን።

የቀረ አንድ ክርክር አለ። ሳክስፎኑን የሚነፋው ተማሪዬ ለምድና አንፋሮ ያድርግ ወይስ ይቅር? ግማሾቻችን ለዓይን ያምራል እንላለን።

የይፋት ልጅ

አያድርግ። አንፋሮ የአንበሳ ጎፈር ነው፤ በእኛ ዘንድ አንበሳ ወይም ጠላት የጣለ ሰው ነበር የሚያደርገው፣ ሌላው ቢያደርገው ያፍር ነበር። ጋሽ ጌታቸው ያንን ልብስ ሲለብሱ የስድሳ ዓመት ሥራ ተሸክመው ነው። ልጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይንፋ፤ ኮንሰርቱ የማንን ሕይወት እንደሚዘክር ታዳሚው ያውቃል። ሽማግሌውን ግን አግኝቼላችኋለሁ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ገና አልደከመም። የራሳቸውን ለምድ ለብሰው ይመጣሉ።

ነፊው ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ክሩን መምህሬ ልከውልኝ ነው ያነበብኩት። ሳክስፎኑን የምነፋው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ቴነር ሳክስፎን ከያዝኩ ገና አምስት ዓመቴ ነው፣ የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ እጄ ላብ አወጣ።

ያለፉትን ሁለት ወራት ሽለላውን ከቅጂው ላይ ኖታ በኖታ ስገለብጥ ቆየሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ ጌጣጌጡን ሁሉ በትንንሽ ኖታ አስፍሬ፣ በሜትሮኖም እለማመደው ነበር። ኖታው ትክክል ነው፤ ስጫወተው ግን ሞቶ ይሰማኛል። መምህሬ አዳምጠውኝ ማውዝፒሱን ከአፌ ነጠቁና «መጀመሪያ በአፍህ በለው» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ከተማ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ዘራፍ ብዬ አላውቅም።

ትናንት ግን የይፋት ልጅ ካሉት ሽማግሌ ጋር በስልክ ተገናኘሁ። መጀመሪያ ስለ ሙዚቃ ምንም አልጠየቁኝም። የአያቴን ስም፣ የአገራቸውን ስም፣ ከማን እንደሚወለዱ ጠየቁኝና ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የእኔኑ አያት ስም አስገብተው ሸለሉልኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ማራቅ ነበረብኝ። አንዱን ስንኝ ሲጨርሱ ትንፋሻቸውን የሚስቡበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ጋሽ ጌታቸው ሳክስፎኑን የሚያቋርጡበት፣ እኔ በኖታዬ ላይ የሁለት ምት ዕረፍት ብዬ የጻፍኩት ቦታ ያው ነው። ዕረፍት አልነበረም፤ ሰው ስም ጠርቶ እስኪቀበሉት የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

ማታ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩና የአያቴን ስም እያሰብኩ ነፋሁ። ሪዱ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ሸምበቆ) ደረቅ ስለነበር ሁለት ጊዜ ጮኸብኝ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን አዛውንት መስኮታቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አቆምኩ። «ለምን ታቆማለህ? ተቀበልኩህ እኮ!» አሉኝ።

ሽማግሌው ከኮንሰርቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ቢመጡና አብረን ብንለማመድ ደስ ይለኛል። መምህር፣ ማሲንቆ ተጫዋቹም ቢመጣ። በቴነር ሳክስፎን እኔ ሬ ስል በፒያኖ ዶ ስለሆነ፣ ማሲንቆውን በእኔ ድምፅ ላይ ሳይሆን በእሳቸው ጉሮሮ ላይ ብንቃኘው፣ እኔም ወደዚያው ብመጣ ይሻላል መሰለኝ።

የማታ ክፍል መምህር

እንደዚያው ይሆናል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በየሐሙሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በማታ ክፍሉ እንለማመዳለን። ባለ ሚክሰሩ፣ በመጀመሪያው ልምምድ ማይክሮፎንህን ይዘህ ብትገኝልን። አባቴ የፖሊስ ሠፈሩ፣ የነፊዎቹ ረድፍ አቀማመጥ እንዴት እንደነበር መጥተው ያሳዩን፤ ወንበሩን እርስዎ እንዳሉት እንደረድራለን።